በቀይ እስክርቢቶ የጻፍኩት ጥያቄ

መስከረም ሲጠባ የእንግሊዝኛ አስተማሪ የመጀመሪያ የጽሑፍ ሥራው የታወቀ ነው፤ «ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁ?» ተማሪ ሆኜ ጽፌዋለሁ፣ አስተማሪ ሆኜም ለዓመታት አስጽፌዋለሁ። ከ2010 ክረምት በኋላ ግን ጅግጅጋ ላይ ቆሜ ያንን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። በዚያ ሐምሌ መጨረሻ በተነሳው ሁከት ከተማችን የደረሰባትን የማያውቅ የለም። ወንድሜ ሱቁ ተቃጥሎበት፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ካራማራን እንደተሻገረ አልተመለሰም። እናቴና እኔ ግድግዳ የምንጋራት ሶማሌ ጎረቤታችን ጓዳዋ ውስጥ ደብቃን ተረፍን። ትምህርት ሲከፈት ከፊቴ የተደረደሩት የሰባተኛ ክፍል ልጆች በዚያ ሳምንት ምን እንዳዩ አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ማወቅም አልፈለግሁም።

ስለዚህ ተረት መረጥኩ። ተረት ማንንም አይነካም ብዬ ነው።

ሥራው ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ውስጥ ከሚነገረው አንድ ተረት ያመጣል፤ መጀመሪያ በቃሉ ለክፍሉ ያወራዋል፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ የጋዜጣ ዜና አድርጎ ይጽፈዋል። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። አብዛኞቹ ጋዜጣን የሚያውቁት በደብተር መሸፈኛነቱ ስለነበር በመጀመሪያው ቀን የገዛ ደብተራቸውን ገልብጠው ሽፋኑን እንዲያነቡ አደረግኳቸው። አንዱ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ የሒሳብ ደብተሩ ጀርባ ላይ የተቆረጠ የጨረታ ማስታወቂያ ሲያነብ ቆየና «ቲቸር፣ አሸናፊው ማን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሥራውን ወደዱት። በሶማሌ ልማድ ተረት የሚያወራው «ሼኮ ሼኮ» ሲል አድማጮቹ «ሼኮ ሀሪር» ብለው ይመልሳሉ፤ ተረቱ ሐር ይሁንልን እንደማለት ነው። ስልሳ ልጅ ባንድ ላይ «ሼኮ ሀሪር» ሲል የቆርቆሮው ጣሪያ ይነዝር ነበር። ከዚያ ዜናው ይከተላል። «ጅብ በስርቆት ተጠርጥሮ ተያዘ።» «ቀበሮ ሥጋው ሲከፋፈል በቦታው አልነበርኩም አለች።» አንድ ልጅማ የአንበሳውን ድርሻ ከጻፈ በኋላ «አንበሳው አስተያየቱን እንዲሰጠን ደጋግመን ብንደውልለትም ስልኩን ሊያነሳ አልቻለም» ብሎ ጨረሰ። ያን ቀን ስስቅ እንባዬ መጣ። ከዚያ ክረምት ወዲህ ክፍል ውስጥ ስስቅ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። በየዓመቱ ያንኑ ሥራ መስጠት ቀጠልኩ፤ ከማስተምረው ሁሉ የምወደው እሱ ሆነ።

ልጅቷ የመጣችው በ2014 ነው። ዝናቡ ከአንዴም ሁለቴም ሦስቴም ቀርቶ በአይሻና በሽንሌ በኩል ከብቱ ያለቀበት ጊዜ ነበር። ጅግጅጋ ዘመድ ያለው ሰው ልጆቹን ወደ ዘመዱ ይልክ ነበርና እሷም የእናቷ እህት ዘንድ ተላከች። ያኔ ዕድሜዋ አሥራ አምስት ይሆናል። አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት ከሆናቸው ልጆች ጋር ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ከሁሉም በቁመት ትበልጥ ስለነበር መጨረሻው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። አትናገርም፤ ግን ታዳምጣለች። እንግሊዝኛዋ ከጠበቅኩት በላይ ነበር። አንድ ችግር ብቻ አልለቃት አለ፤ «አይ» እና «ሺ» ይምታቱባታል። ስለ ራሷ ስትናገር «እሷ» ትላለች፣ ስለ ጓደኛዋ ስትናገር «እኔ» ትላለች። ደጋግሜ አርሜያታለሁ።

የተረት ተራዋ ሲደርስ በቃሏ ማውራት እንደማትፈልግ በጓደኛዋ በኩል አስነገረችኝ። «ጽሑፉን ብቻ ታምጣ» አልኩ። አመጣች። ከደብተር የተገነጠለ አንድ ገጽ ነው፤ ፊደሎቹ ትንንሽና የተጠነቀቁ። እንዲህ ይላል፦

«ሕፃን ጠፋ። አንዲት ሴት ነበረች። ፍየሎቿ ሞቱ። ግመሎቹን ባሏ ወደ ጂቡቲ ድንበር ነዳቸው። ሴትየዋ ከልጆቿ ጋር በእግር ሄደች። የውሃ ቦቴ መጥቷል ሲባል ሰምታ ውሃ ልታመጣ ሄደች። ትንሹ ልጅ ከግራር ሥር ነበር። ጅብ መጣ። ሴትየዋ ስትመለስ ውሃ ነበረ፣ ልጅ አልነበረም።»

ሌሎቹ እንደሚጀምሩት «ሼኮ ሼኮ» ብላ አልጀመረችም። አላስተዋልኩትም። ያስተዋልኩት የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ማማሩን ነው። ያን ቀን ማታ ከማርማቸው ወረቀቶች መካከል አንዱ ነበርና እንደ ሌሎቹ በቀይ እስክርቢቶ ግርጌው ላይ ጻፍኩበት፤ «በጣም ጥሩ ነው። ግን ሕፃኑን ማን ይጠብቀው ነበር? ጎበዝ ዘጋቢ ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም። ሰባት ከአሥር።»

በማግስቱ ሁሉም የታረመውን አስተካክለው ተራ በተራ እንዲያነቡ አደረግኩ። ስሟን ስጠራ ተነስታ አነበበች። ምንም አልቀየረችም።

«ጥያቄዬን አልመለስሽውም» አልኳት። «ሕፃኑን ማን ይጠብቀው ነበር?»

ክፍሉ ወደ ኋላ ዞሮ ያያታል።

«ዘጋቢ ነሽ፤ አንባቢ ይጠይቅሻል። በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሺ።»

በእንግሊዝኛ፣ በቀስታ፣ «እኔ ተኝቼ ነበር» አለች።

እኔ ምን አደረግኩ? ፈገግ አልኩ። የለመደችውን ስህተት የደገመች መስሎኝ ወደ ሰሌዳው ዞርኩና በጠመኔ «እሷ ተኝታ ነበር» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። «እሷ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። «ስለ ሌላ ሰው ስናወራ ምንድን ነው የምንለው? በሉ ሁላችሁም!» ክፍሉ በአንድ ድምፅ «እሷ ተኝታ ነበር» አለ። ስልሳ ልጅ።

ጫጫታው ሲበርድ ልጅቷ አሁንም እንደቆመች ናት። በሶማሊኛ «አኒጋ፣ መአሊን» አለችኝ። እኔ ነኝ፣ አስተማሪዬ።

ሶማሊኛዬ የገበያ ነው፤ ይህን ለመረዳት ግን የገበያም ይበቃል። ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ፊት የተቀመጡት ልጆች ገብቷቸዋል፤ አንዷ አፏን በሻሿ ሸፈነች። ሄጄ ላቅፋት ይገባኝ ነበር። ወይም ክፍሉን አሰናብቼ አጠገቧ ልቀመጥ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው። ያን ሰዓት ያደረግኩት ዓይኔን ወደ ስም ዝርዝሩ መልሼ «ቀጣይ» ማለት ነው።

ቀጣዩ ልጅ ተነሳ። ይዞት የመጣው በጉድጓድ ውስጥ ጨረቃን አይቶ አይብ መሰለኝ ብሎ ስለዘለለ ጅብ ነበር። ከወረቀቱ ቀና ሳይል እስከ መጨረሻው አነበበው። ማንም አልሳቀም። ሰሌዳውን ያጠፋሁት ደወል ከተደወለ በኋላ ነው።

በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀንም ስትቀር አክስቷን ፍለጋ ወተት ተራ ሄድኩ። አክስትየው የግመል ወተት ሻጭ ናት። ቢጫ ጄሪካኖቿን ከፊቷ ደርድራ፣ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አማርኛዋ ከእኔ ሶማሊኛ ይሻላልና በአማርኛ አወራን።

«ልጅቷ ታማ ነው?»

«አልታመመችም። አትበላም፣ አትናገርም። ተጋድማ ግድግዳውን ታያለች። ትምህርት ቤት ምን ሆነች? ማን መታት?»

«ማንም አልመታትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ትንሹ ወንድሟ የሞተበትን ቀን ጻፈች፣ እኔ ተረት መሰለኝ። እንቅልፍ ወስዷት እንደነበር በልጆቹ ሁሉ ፊት እንድትናገር አደረግኳት።»

አክስትየው ወተት ስትቀዳ የነበረችበትን ጆግ አስቀመጠች።

«የምን እንቅልፍ?»

ያኔ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ፤ ቃሉ ግን ከአፌ ወጥቷል።

«እንጨት ልትለቅም ሄዳ ነበር» አለች አክስትየው፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጠች። «ለእናቷ እንደዚያ ነው ያለቻት። እናቷም ለባሏ፣ እኔ ራሴ ነኝ እንጨት የላክኳት አለችው። ልጁን ብቻውን የተውሽው አንቺ ነሽ ብሎ ነው የፈታት። ሽማግሌ ፊት ነው የፈታት። እህቴ በዚህ ነገር ትዳሯን አጥታለች፣ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ደንበኛ መጥቶ አንድ ሊትር ጠየቃት፤ ቀድታ ሰጠችው፤ ወተቱ ሞልቶ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ሰውየው ሲሄድ ወደ እኔ ሳታይ «በእኛ ቋንቋ ለማንም ያልተናገረችውን በፈረንጅ ቋንቋ ለአንቺ ተናገረች» አለችኝ። ቁጣ ይሁን ግርምት መለየት አልቻልኩም። ይቅርታ ጠይቄያት ሄድኩ። በዚያው ቀን ወደ አይሻ ስልክ እንደደወለች በኋላ ሰማሁ።

እናትየው ከሳምንት በኋላ መጣች። ከአይሻ በጭነት መኪና ድሬዳዋ፣ ከዚያ በሐረር ዞራ ነው የመጣችው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው አስጠራኝ። ቀጭን ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም፤ ፊቷ ግን የእናቴን ዕድሜ ያክላል። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ማንም ስላልነበረ አስገባኋት። ወንበር ስስብላት በርጩማ መርጣ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ወረቀቱ አንቺ ጋር ነው ወይ?» አለችኝ በሶማሊኛ።

ከመሳቢያዬ አወጣሁት።

«አንብቢልኝ።»

እንግሊዝኛውን ባልተሟላ ሶማሊኛዬ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ቃል ሲጠፋኝ በእጄ አሳያለሁ፤ እሷ ቃሉን ትነግረኛለች። ስለ ፍየሎቹ ሳነብ አንገቷን ነቀነቀች። «ግራር» ስል አስቆመችኝ። «ግራር አልነበረም። ጥላም የሌለው ቁጥቋጦ ነበር። እሷ ግራር ያደረገችው ጥላ እንዲኖረው ብላ ነው» አለች። ጨረስኩ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ማንበብ ባትችልም ረጅም ሰዓት አየችው።

«ይህ ቀዩ ምንድን ነው?»

«የእኔ ጽሑፍ ነው።»

«ምን ይላል?»

እንዳልዋሻት ራሴን ያዝኩ። «ሕፃኑን ማን ይጠብቀው ነበር፣ ይላል።»

ጣቷን ወደ ቁጥሩ ወሰደች። «ይህስ?»

«ሰባት ከአሥር። ውጤት ነው። ጥሩ ነው ማለት ነው።»

«ሦስቱ ምን ሆነ?»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«ተኝታ እንደነበር አውቃለሁ። ስመለስ ጉንጯ ላይ የአሸዋ ምልክት ነበረ፤ በአንድ በኩል ብቻ። እንጨት ስትለቅም የነበረች ልጅ ጉንጯ ላይ አሸዋ አይኖርም። እጇ ላይ እንጨት አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ልጁን አዝላ የሄደችው እሷ ናት፤ እኔ ዕቃውን ተሸክሜ ነበር። የመጨረሻዋንም ውሃ ለእሱ ስሰጥ እሷ ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች። ምን ልበላት? ለምን ተኛሽ ልበላት? እንጨት ሄጄ ነበር ስትለኝ፣ አዎ እኔ ነኝ የላክኩሽ አልኩ። ለአባቷም ያንኑ አልኩ።»

«ለእሷ እንደምታውቂ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም። አንቺም እንዳትነግሪያት። ያመንኳት መስሏት ትኑር።»

ትምህርቷን እንዳታቋርጥባት ለመንኳት። እህቷ ቤት ከእንግዲህ እንደማይሆን ነገረችኝ፤ ያ ወሬ አንድ ጊዜ ወተት ተራ ከገባ ወደ አባትየው ዘመዶች መድረሱ አይቀርም፣ ያኔ ልጅቷን በየሄደችበት «ወንድሟን ያስበላች» ይሏታል። «ናፍቃኝ ነው የመጣሁት እላታለሁ፤ ይዣት እሄዳለሁ» አለች። ስትነሳ እጄን ጨበጠችኝ። እጇ እንደ ደረቅ እንጨት ሸካራ ነበር። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ልጅቷን ሳልሰናበታት ሄዱ። መጨረሻው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ሥር ለተወሰኑ ቀናት ማንም አልተቀመጠም። ከዚያ የሙቀት ወር ሲመጣ አየር ፈላጊዎቹ ተሻሙበት።

የተረቱን ሥራ በዚያው ተውኩት። በሚቀጥለው ዓመት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ከታላላቆቻቸው ሰምተው ኖሮ «ቲቸር፣ የጅቡ ዜና መቼ ነው?» ይሉኝ ነበር። «ዘንድሮ ሰዋስው ይበዛል» ብዬ አሳለፍኳቸው። ባዶ ቦታ ሙላ፣ ትክክለኛውን መልስ ክበብ። እንዲህ ያለ ትምህርት ለማረም ቀላል ነው፤ ማንንም ምንም አያስወራም። ከእነዚያ ልጆች ውስጥ ስንቱ አንድ የሚናገረው ነገር ይዞ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ቦታ ሲሞላ እንደዋለ አሁን አስባለሁ። ያኔ ግን ፈሪ ነበርኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ፈታኝ ሆኜ አይሻ ተመደብኩ። የሰኔ አይሻ ሙቀቱ ከአፈር ነው የሚነሳው። ፈተናው አልቆ የመመለሻ መኪናችንን ስንጠብቅ፣ ወደ ጂቡቲ የሚሄዱ ከባድ መኪናዎች የሚቆሙበት ቦታ ላይ ሸራ የተወጠረባቸው ሻይ ቤቶች አሉ፤ ወደ አንዱ ገባሁ። ሻይ የምትቀዳዋ ሴት ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች። ዞር ስትል አወቅኳት። እሷም አወቀችኝ።

«ቲቸር» አለች በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ አንድም ሳትሳሳት፣ «እኔ አሁን እዚህ ነው የምኖረው» አለችኝ። ሾፌሮቹ ከየአገሩ ስለሚመጡ እንግሊዝኛው እንዳልጠፋባት ነገረችኝ። አግብታለች፤ ባሏ የመኪና ረዳት ነው። ሕፃኗ ሴት ናት፣ ሰባት ወሯ።

«እናትሽስ?»

«ባለፈው ዓመት ሞተች። ሳል ነበረባት።»

ነፍስ ይማር አልኩ፣ በእነሱ ደንብ ማለት ያለብኝ ሌላ እንደሆነ ትዝ ብሎኝ አረምኩት። ለሁለት ዓመት ያዘጋጀሁትን ይቅርታ ጀመርኩ፤ ሰሌዳው ላይ ስለጻፍኩት፣ ለአክስቷ ስላመለጠኝ። የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች አዳመጠችኝ። ሳልጨርስ «ቲቸር፣ እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው» አለችኝ። «እናቴ እንጨት ለቀማ ሄጄ እንደነበር አምና ነው የሞተችው። ስለ እኔ ውሸት ባሏን አጣች። እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ሞተች።»

እናትየው እንዳትነግሪያት ብላኛለች። ግን ሞታለች። እውነቱን የማውቀው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ታውቅ ነበር» አልኳት። «ጉንጭሽ ላይ አሸዋ አይታለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር። ራሷ ነች የነገረችኝ።»

ደስ ይላታል፣ ሸክሟ ይቀላል ብዬ ነው። ግን ፊቷ ላይ ያየሁት ያ አልነበረም። ግራ እጇን አንስታ ጉንጯን ዳሰሰች። አይሻ ደርሰው፣ አንድ ጣሪያ ሥር ኖረው፣ እናቷን አስታማ፣ ያንን ሁሉ ቀን እያንዳንዳቸው እውነቱን ለብቻቸው ይዘውት እንደነበር ስትቆጥር ይመስለኛል። «ታዲያ ለምን ዝም አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሾፌር ሻይ ብሎ ተጣራ። ሄደች። አጠገቧ ሳምቡሳ የምትጠብስ ወፍራም ሴትዮ ተማሪዬ ማልቀሷን አይታ እጆቿን ዘረጋችና ሕፃኗን ልያዝልሽ አለቻት። ራሷን ነቀነቀች። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞራ «ለማንም አትሰጥም» አለችኝ። «ስትተኛም አዝላት ነው፤ ተቀምጣ ነው የምትተኛው። እንቅልፍ ሲመጣባት ጫማዋን አውልቃ ትቆማለች።»

መኪናችን ጥሩምባ ነፋ። ተሰናብቼያት ወጣሁ፤ እጄን ጨበጠችኝ፣ ዓይኔን ግን አላየችም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ሳያት ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እየነደደ ባለው አፈር ላይ ቆማ ለአራት ሾፌሮች ሻይ ትቀዳለች፤ በየመሀሉ አንድ እጇን ወደ ኋላ እየላከች የሕፃኗን እግር ትነካለች።